ቁጥሩ ሳይጻፍ ሶፍትዌር አይታደስ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ድርጅቶች የኮምፒውተር ደህንነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ድሬዳዋ ሆኜ አነበብኩት። ርዕሱን ማንሳታችሁ ያስመሰግናችኋል። ለአንባቢ የተሰጠው ዋና ምክር ግን «ሶፍትዌራችሁን ሳትዘገዩ ወደ አዲሱ አድሱ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ለእጅ ስልክ ይህ ይበቃል። በራሱ ሰርቨር ላይ የራሱን ሶፍትዌር ለሚያንቀሳቅስ ድርጅት ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ብቻውን ሲነገር ሥራ ያስቆማል። ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው ቁጥር? በስንት እርምጃ? ባይሳካ በምን ይመለሳል? ይህ ሳይነገር «አድሱ» ማለት ግማሽ ምክር ነው።

እኔ በዚህ ከተማ የአነስተኛ ድርጅቶችን ሰርቨር በመትከልና በመንከባከብ የምተዳደር ሴት ነኝ። ደንበኞቼ የጉምሩክ አስተላላፊዎች፣ ክሊኒኮች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና ጅምላ ነጋዴዎች ናቸው። ከተማችን ከጂቡቲ በሚገባ ዕቃ ስለምትኖር ሰነድ ይበዛል። ዲክላራሲዮኑ፣ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ሁሉ ስካን ተደርጎ መቀመጥ አለበት፤ ሲጠየቅም ወዲያው መገኘት አለበት። ለውጭ አገር አገልግሎት በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል የሚችል ድርጅት ጥቂት ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው እንዲቆምበት የሚፈልግ ደግሞ የለም። ስለዚህ ብዙዎቹ በቢሯቸው ጥግ አንድ ኮምፒውተር አቁመው ሰነድ ለማስቀመጥና ለመጋራት የሚያገለግለውን ኔክስትክላውድን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ያስጭናሉ። ውሳኔያቸው ትክክል ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሰርቨሩ የራስ ከሆነ የማደሱም ኃላፊነት የራስ ነው። ይህን ኃላፊነት እንዴት መወጣት እንደሚቻል በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ ስለማላገኝ ነው ይህን ደብዳቤ ለማስረዘም የተገደድኩት።

ዛሬ እንዲህ ያለው ሶፍትዌር በአብዛኛው የሚጫነው ዶከር በሚባል መሣሪያ ነው። ሶፍትዌሩ ከነሚያስፈልገው ሁሉ ኢሜጅ በሚባል ጥቅል ታሽጎ ከኢንተርኔት ይወርዳል። የትኛው ጥቅል እንደሚወርድ የሚወስነው በሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። በፋይሉ ውስጥ ከሶፍትዌሩ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ይደረግና የቨርዥኑ (የእትሙ) ታግ፣ ማለትም መለያ ቁጥሩ ወይም ስሙ፣ ይጻፋል። 15.8 ተብሎ ከተጻፈ 15.8 ይመጣል። ምንም ካልተጻፈ ዶከር በራሱ «ሌተስት» (የቅርብ ጊዜው) የሚባለውን ታግ ወስዶ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ስም የተቀመጠውን ያወርዳል። ዛሬ የሚወርደውና ከዓመት በኋላ የሚወርደው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ፋይሉን ማንም ሳይነካው፣ ያው ፋይል ሌላ ሶፍትዌር ያመጣል ማለት ነው። ብዙ ጫኚዎች በዚያ ቦታ ላይ «ሌተስት» ጽፈው፣ ወይም ባዶውን ትተው፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ዕዳውን የሚከፍለው ስለ ታግ ሰምቶ የማያውቅ ባለንብረት ነው።

ከዚራ በተባለው የከተማችን ሰፈር የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅት አንድ ቀን በማለዳ አስጠራኝ። በዋዜማው ማታ የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ነበር። የቢሮው ወጣት ሠራተኛ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ የወረዱትን ኢሜጆች አጠፋና ሁሉንም እንደገና አስነሳ። ልጁ ጥፋት አልሠራም። ኢሜጅ ቢጠፋ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሰነዱና ዳታቤዙ የሚቀመጡት ለብቻ ነው። ችግሩ ተመልሶ የወረደው የበፊቱ አለመሆኑ ነው። ጫኚው በሶፍትዌሩም በዳታቤዙም መስመር ላይ «ሌተስት» ብሎ ትቶት ነበርና ሁለቱም በአዲስ ቨርዥን መጡ፤ ሁለቱም አልነሳም አሉ።

ስደርስ ባለቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ጭነት የያዙ መኪናዎች የሰነድ ቅጂ እየጠበቁ ነው፤ ዕቃ ሲዘገይ የሚከፈለው የዲመሬጁ ነገርም አስጨንቋቸዋል። «ልጄ፣ የዚህ ሁሉ ዓመት ሰነድ ጠፋ ማለት ነው?» አሉኝ። «ሐጂ፣ እስካየው ድረስ ማንም ምንም አይንካ፤ ከዚያ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት በከንቱ አልነበረም። ከእኔ በፊት በስልክ የተጠየቀ ሌላ ሰው «የዳታ ማኅደሩን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ጫኑት» ብሏቸው ነበር። ቢሰሙት ኖሮ ያ ያልጠፋ ሰነድ በዚያች ደቂቃ የእውነት ይጠፋ ነበር።

የዳታቤዙን ሎግ (ሶፍትዌሩ የሚሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ስከፍተው መልሱ እዚያው ተጽፏል፤ የዳታ ማኅደሩ የተዘጋጀው ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ቨርዥን 15 ነው፣ አሁን የተነሳው 17 ስለሆነ አይጣጣምም ይላል። መልእክቱ ለማያውቀው ሰው ያስደነግጣል። ሰነዱን ያዳነው ግን ይኸው ነው፤ ፖስትግሬስ የማይረዳውን ማኅደር ከመነካካት ይልቅ ቆመ። በዚያው ማኅደር ውስጥ «ፒጂ ቨርዥን» የሚል ስም ያለው ትንሽ ፋይል አለ። ለሐጂ ከፍቼ አሳየኋቸው፤ 15 ከሚል ቁጥር በስተቀር ምንም የለበትም። የኔክስትክላውዱ የቨርዥን ፋይል ደግሞ 27 ይላል፤ የወረደው 30 ነው። ኔክስትክላውድ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዋና ቨርዥን በላይ መዝለልን አይፈቅድም፤ ይህንኑ በራሱ ሎግ ላይ ጽፎ ቆሟል።

መጀመሪያ ማኅደሩን እንዳለ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥኩት። ከዚያ በሁለቱ መስመሮች ላይ «ሌተስት» የሚለውን ሰርዤ በአንዱ 15፣ በሌላው 27 ብዬ ጻፍኩ። የቆዩት ጥቅሎች እስኪወርዱ ጊዜ ወሰዱ፤ የኢንተርኔት መስመሩ ደካማ ነበር። ከወረዱ በኋላ ሥርዓቱ እንደ ነበረው ተነሳ፤ አንድም ሰነድ አልጎደለም። መጀመሪያውኑ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ቢሆን ኖሮ ግን መኪኖቹም አይቆሙም፣ ሰውየውም አይደነግጡም ነበር።

ለምን 17 የ15ን ማኅደር እንደማያነብ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ከተማችን ሁለቱንም የባቡር መስመር ታውቃለች። በፈረንሳዮቹ ዘመን የተዘረጋው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ መስመር ሐዲድ ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። አዲሱ ባቡር የቱን ያህል ፈጣን ቢሆን በአሮጌው ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ጭነቱን ከአንዱ አውርዶ ወደ ሌላው መጫን ያስፈልጋል። በፖስትግሬስም የመጀመሪያው ቁጥር ሲለወጥ በዲስኩ ላይ ያለው አቀማመጥ ስለሚለወጥ ዳታውን በአሮጌው ቨርዥን አስወጥቶ በአዲሱ ማስገባት፣ ወይም ለዚሁ በተሠራው መሣሪያ ማሸጋገር ግዴታ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ሲለወጥ ግን፣ ከ15.7 ወደ 15.8 እንደማለት፣ ማስቆም፣ መተካትና ማስነሳት በአብዛኛው ይበቃል። እነዚህ የማስተካከያ እትሞች በመደበኛነት በየሦስት ወሩ ይወጣሉ፤ ለአንድ ዋና ቨርዥን የሚሰጠው ድጋፍም 5 ዓመት ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ማንበብ መማር ያስፈልጋል። ብዙ ሶፍትዌሮች በነጥብ የተለዩ ሦስት ቁጥሮች ይጠቀማሉ። የመጨረሻው ሲጨምር ስህተት ታርሟል ማለት ነው። የመካከለኛው ሲጨምር የነበረውን ሳያፈርስ አዲስ ነገር ተጨምሯል። የመጀመሪያው ሲጨምር ግን የቆየው አሠራር ሊፈርስ ይችላልና የሽግግር መመሪያው ሳይነበብ አይነካም። ይሁን እንጂ ሁሉም በዚህ ልማድ አይሄድም። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምተክለው ኮሃ፣ በኒውዚላንድ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ሶፍትዌር፣ ዛሬ ቁጥሩን የሚሰጠው በዓመትና በወር ነው። 24.05 ማለት የ2024 ሜይ፣ 24.11 ማለት የ2024 ኖቬምበር ነው። እዚህ ላይ ከ24.05 ወደ 24.11 መለወጡን አይቶ «ከነጥቡ በኋላ ያለው ብቻ ነው የተለወጠው፣ ትንሽ ለውጥ ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ በሁለቱ መካከል የዳታቤዙ ቅርጽ ራሱ ይለወጣል። ኮሃን ዴቢያን ለተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ዓይነት ከተዘጋጀው ማከማቻ ስንጭንም «የተረጋጋው» የሚለውን ጥቅል ስም ከመከተል ይልቅ የቨርዥኑን ቁጥር ራሱን በማከማቻው መስመር ላይ መጻፍ ይቻላል። እኔ የምጽፈው ቁጥሩን ነው፤ በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ ሳይታሰብ ወደ ሌላ ዋና እትም እንዲሻገር አልፈልግም።

ታጉ ምን ያህል ጠባብ ይሁን የሚለው የባለሙያዎች ክርክር ነው። 15 ብቻ ከተጻፈ የ15 ማስተካከያዎች በተወረደ ቁጥር ይመጣሉ፣ 16 ግን አይመጣም። 15.8 ከተጻፈ እዚያው ይቆማል። ከዚህም የጠበቀ አለ፤ ከጥቅሉ ይዘት ተሰልቶ የሚገኝ ሻ 256 የሚባል ረጅም አሻራ አለ፣ በእሱ ከተጠራ አንዲት ፊደል የተለወጠችበት ጥቅል እንኳ አይገባም። ታግ በሌላ ሰው እጅ ወደ ሌላ ይዘት ሊዞር ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የሶፍትዌር ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረ አንድ መሣሪያ በአጥቂዎች እጅ ገብቶ፣ የቀድሞ የቨርዥን ታጎቹ ሳይቀሩ ወደ ተንኮል ኮድ እንዲያመለክቱ ተደርገው ነበር። ቁጥሩን የጻፉትም ተጎዱ፤ በአሻራ የጠሩት ግን ዳኑ። ለአንድ የከዚራ ቢሮ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሁለቱንም ወይም ሦስቱንም ቁጥር ሙሉ ጻፉ፣ ሲታደስ በእጅ ለውጡት። የሕክምና መረጃ ለሚይዝ ክሊኒክ ግን አሻራውንም እጨምራለሁ።

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ ልምጣ። ቁጥር ማሰር የገባቸው አንዳንድ ባለቤቶች «እንግዲያውስ የሚሠራውን አትንኪው» ይሉኛል። ይህንንም አጥብቄ እቃወማለሁ። ቁጥሩ የሚጻፈው ማደሱ በውሳኔ እንዲሆን እንጂ ሶፍትዌሩ ተቀምጦ እንዲያረጅ አይደለም። የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ የተወሰደበት አፓቺ ስትራትስ በተባለ ሶፍትዌር ክፍተት በኩል ነው። ማስተካከያው የወጣው በማርች ነበር፤ አጥቂዎቹ የገቡት በሜይ ነው። በመካከሉ የነበረው ጊዜ ለማደስ ከበቂ በላይ ነበር።

በተቃራኒው አዲስ የሆነ ሁሉ ደህና አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም የድብቅ መግቢያ፣ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሩንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስና ከፖስትግሬስ ገንቢዎች አንዱ ነው፤ ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ነው የመረመረው። የተጋለጡት በአብዛኛው አዲሱን ቶሎ የሚወስዱ የሊኑክስ ዓይነቶች ነበሩ፤ የተረጋጋው ዴቢያን ገና ከቀድሞው ቁጥር ላይ ስለነበር አልደረሰበትም። ፖስትግሬስ ራሱም ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ካወጣቸው ማስተካከያዎች አንዳንድ ተጨማሪ መሣሪያዎች ስለተሰናከሉበት በሳምንቱ ሌላ ማስተካከያ ማውጣት ግድ ሆኖበታል፤ 17.1 በሳምንት ውስጥ በ17.2 ተተካ። ስለዚህ እኔ ትንሹንም ቁጥር ቢሆን ጥቂት ቀን አየዋለሁ። አጣዳፊ የደህንነት ቀዳዳ ከሆነ ግን አልጠብቅም። ይህን መለየት የሚቻለው ከእያንዳንዱ እትም ጋር የሚወጣውን የለውጥ ማስታወሻ በማንበብ ነው፤ ማንበቡን የሚተካ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ማደሱ ራሱ እንዴት ይከናወን? የሐጂን ሰርቨር ከ27 ወደ 30 ያደረስነው በ28 እና በ29 በኩል ነው፤ በየማረፊያው ሥርዓቱ መነሳቱን፣ ሰነድ መከፈቱን፣ ፍለጋው መሥራቱን አይተን ነው ወደሚቀጥለው ያለፍነው። ዳታቤዙን ያደስነው ለብቻው፣ በሌላ ቀን ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያድስ ሰው አንድ ነገር ቢበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም። ደግሞም እያንዳንዱ የሶፍትዌር ቨርዥን የሚደግፋቸው የዳታቤዝ ቁጥሮች በመመሪያው ላይ ተዘርዝረዋል፤ ያን ዝርዝር ሳያዩ ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ማሳደግ ሶፍትዌሩን መሬት አሳጥቶ ማስቀረት ነው። ኔክስትክላውድም ሆነ ኮሃ የዳታቤዙን ቅርጽ አንዴ ከለወጡ በኋላ ታጉን ወደ ቀድሞው ቁጥር መመለስ ብቻውን አያድንም። መመለሻው ከማደሱ በፊት የተወሰደው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። የቀድሞው ቁጥርና የቀድሞው ቅጂ አብረው ካልተቀመጡ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

መጠባበቂያ ቅጂ አለን የሚሉኝን ሁሉ መልሳችሁ አስነስታችሁት ታውቃላችሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ጊትላብ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲሱ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲያጠፋበት ወደ መጠባበቂያው ሄደ፤ የለም። የየዕለቱን ቅጂ የሚወስደው ፒጂ ደምፕ የተባለው መሣሪያ የ9.2 ነበር፤ ዳታቤዙ ግን 9.6 ነበር። ቁጥሮቹ ስላልተገጣጠሙ መሣሪያው በየቀኑ ይወድቅ ነበር፤ መውደቁን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ ወደ ማንም አይደርስም ነበር። በአጋጣሚ ከጥፋቱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በተወሰደ ሌላ ቅጂ ነው የተረፉት፤ የስድስት ሰዓቱ ሥራ ጠፋ። ኩባንያው ይህን ሁሉ በግልጽ ለዓለም ጽፎ ማውጣቱን አከብራለሁ። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ጥፋቱን ያባባሰው ያልተገጣጠመ የቨርዥን ቁጥር መሆኑ ነው። ዳታቤዙን ያደሰ ሰው መጠባበቂያ የሚወስደውንም መሣሪያ አብሮ ማደስ አለበት፤ ከዚያም ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነስቶ አንድ ሰነድ ከፍቶ ማየት አለበት።

የእኛ ከተማ ሁኔታ የሚጨምረው ነገር አለ። መብራት በማደስ መካከል ከጠፋ የዳታቤዙ ሽግግር ግማሽ መንገድ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) የሌለው ወይም ባትሪው የደከመ ቢሮ ማደስ አይጀምር። አዲሱን ጥቅል ሥርዓቱ ሳይቆም አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል፤ እኔ ማታ አወርደውና በማግሥቱ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሳና ደንበኛ ሳይመጣ እተካለሁ። የሚሠራውን አሮጌ ጥቅል ደግሞ በፋይል መልክ ወደ ውጫዊ ዲስክ እገለብጠዋለሁ፤ ዶከር ለዚህ የራሱ ትዕዛዝ አለው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን ወደ ኋላ መመለስ ቢያስፈልግ ጥቅሉ ካቢኔው ውስጥ አለ፤ ከባሕር ማዶ መውረድ የለበትም። ወቅትም ይመረጣል። የሰኔ መጨረሻ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነውና የሂሳብ ሶፍትዌር አልነካም። ዓርብ ከሰዓት በኋላም አልነካም፤ የሚደርስ ችግር ሰው በሌለበት እንዳይደርስ።

በተለይ ለባለንብረቶችና የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጁ ሰዎች የምለው አለኝ። ሶፍትዌር ሲያስጭኑ የሚረከቡት ነገር ኮምፒውተሩና የይለፍ ቃሉ ብቻ አይሁን። የእያንዳንዱ ሶፍትዌርና ዳታቤዝ ሙሉ የቨርዥን ቁጥር፣ የተጫነበት ቀን፣ ፋይሉ የሚገኝበት ቦታ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታና መጨረሻ ተመልሶ የተሞከረበት ቀን የሰፈረበት አንድ ገጽ ወረቀት ይቀበሉ፤ የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ወረቀት ጋር ይታሰር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎርጄ በተባለው የጃቫ መሣሪያ ላይ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ በመላው ዓለም የነበረው የመጀመሪያ ጥያቄ «እኛ ያለን የትኛው ቁጥር ነው?» የሚል ነበር። ማስተካከያውም በአንድ አልቆመም፤ በዚያው ወር 2.15.0፣ ከዚያ 2.16.0፣ ከዚያ 2.17.0 ወጣ። «አድሰናል» ማለት መልስ አልነበረም፤ መልሱ ቁጥር ነበር። ወረቀቱ በእጁ ያለ ድርጅት ባለሙያ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ራሱ አይቶ ሊመልስ ይችላል።

ጫኚ ለሆናችሁ የሙያ ባልደረቦቼም ይህ ሥራ የማያስከፍል ነው ብላችሁ አትለፉት። ቁጥሩን መጻፍ የደቂቃ ሥራ ነው። የማደሱን ሥራ ደግሞ በዓመት ውል አስገቡት፤ ባለንብረቱ ለጥገና መክፈልን ያውቅበታል፣ ለጄኔሬተሩና ለማቀዝቀዣው የሚከፍለው ለዚሁ ነው። እኔ ውል ውስጥ ካስገባሁት ወዲህ ደንበኞቼ ስለ ቁጥር ራሳቸው መጠየቅ ጀምረዋል።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ግልጽ ጥያቄ አለኝ። በዚያው ዓምድ ላይ በየሩብ ዓመቱ፣ አገራችን ውስጥ በራስ ሰርቨር ላይ ለሚጫኑ የተለመዱ ሶፍትዌሮች የትኛው ቁጥር እስከ መቼ ድጋፍ እንዳለው የሚያሳይ አጭር ሠንጠረዥ አውጡልን። መረጃው በየሶፍትዌሩ አዘጋጆች በይፋ የሚታተም ስለሆነ ማሰባሰቡ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ የፖስትግሬስ 13 ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ነው፤ የ14 ደግሞ የሚያበቃው በኖቬምበር 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2019 ነው። በማኅደሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፋይል 13 የሚል ከሆነ ያ ድርጅት ዛሬውኑ የሽግግር ቀን ይቁረጥ፤ 14 የሚል ከሆነም ከዚያ ቀን በፊት ሊያደርገው ይገባል። ሠንጠረዡን ለማዘጋጀት እገዛ ካስፈለጋችሁ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ አድራሻዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለብቻው ተያይዟል፣ በጋዜጣው ላይ ግን ባታወጡት እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርቨር ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ